ትንፋሽ የማያደርስ ስልክ

ልጄ ማርታ ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ስልክ ገዝታልኝ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ስታስተካክልልኝ ስልኩ በየደቂቃው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ድምፅሽን ልስማ? ፎቶሽን ልይ? የት እንዳለሽ ልወቅ? እሷም ፊቷን ቋጥራ ትከለክለዋለች።

"እማዬ፣ ጠንቀቅ በይ። ዘንድሮ የሰው ሚስጥር የማይሰማ ዕቃ የለም" አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ዘንድሮ ትላለች! የጋሽ ሸምሱን ሱቅ ባየች።

እኔ ኮረዳ ሳለሁ በእኛ የሶዶ ሰፈር ስልክ ያለው እሳቸው ሱቅ ብቻ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ከስልጤ መጥተው እዚሁ የከተሙ፣ ወላይትኛን ከእኛ እኩል የሚናገሩ ነጋዴ ነበሩ። ስልኩ በስኳር ጆንያውና በሚዛኑ መሀል ይቀመጣል። ሲደወልልህ ጋሽ ሸምሱ በር ላይ ወጥተው ስምህን በሙሉ ድምፃቸው ይጣራሉ፤ ሮጠህ እስክትደርስ ማን እንደፈለገህ ሰፈሩ አውቋል። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰውም ስኳሩን ይዞ አይሄድም። የደዋዩ ድምፅ ከእጀታው አልፎ ስለሚሰማ ቆሞ ያዳምጣል፣ ሲያሻውም አስተያየት ይሰጣል። ነውር ነው ያለ ሰው አላስታውስም።

ያኔ ተስፋዬ የሚባል ወጣት ቤሌ ከተማ አስተማሪ ነበር። ሩቅ አገር ዝውውር እንዳገኘ፣ ሐሙስ ከሰዓት እንደሚደውል በደብዳቤ ነገረኝ። አገባሃለሁ ካልኩት ዝውውሩን ትቶ ለአዲስ ዓመታችን ለጊፋታ ሽማግሌ ይልካል፤ ካልሆነ በማግስቱ ፈርሞ ይሄዳል። እወደው ነበር፤ አሁን ምን ይደበቃል።

ሐሙስ ዝናብ ጣለ። ሱቁ ተጠልለው የበቆሎ እሸት በሚግጡ ሰዎች ሞልቶ ነበር። ከነሱ አንዷ የእናቴ ጎረቤት፣ ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ባሎቴ ናት።

"አስቴር! ከቤሌ!"

የጋሽ ሸምሱ ጥሪ ዳሞታ ተራራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በጭቃው እየተንሸራተትኩ ደርሼ እጀታውን አነሳሁ።

"አስቱ፣ ምን ትያለሽ? ሽማግሌ ልላክ?"

በቆሎ የሚግጡት አፎች ሁሉ ቆሙ። እኔም ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። በእኛ አገር ይህ ሙሉ አዎ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ሽቦው ግን ትንፋሽ አያደርስም።

"አስቱ? አልሰማሁሽም!"

ደግሜ ሳብኩ።

"እሺ... ዝምታሽ ገባኝ። በይ ደህና ሁኚ" አለ። ድምፁ ሌላ ሆነ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዎ ብዬ መጮህ አፈርኩ። ይሄኔ ጋሽ ሸምሱ ባንኮኒው ላይ ተንጠራርተው እጀታውን ነጠቁኝ።

"አንተ መምህር! አዎ ብላለች! ያውም ሁለቴ!"

እትዬ ባሎቴም፣ አማርኛዋ እንደ ብዙዎቻችን ሴትና ወንድ የማይለይ፣ ከኋላዬ "ልጅቷ አዎ አለ! እኔ ሰማሁ!" ብላ ጮኸች። መስመሩ ተቋረጠ።

ይስማ አይስማ አላወቅሁም። በንዴትም በእፍረትም እየተቃጠልኩ ቤት ስገባ እናቴ ለዳጣ ቃሪያና ዝንጅብል ትወቅጣለች። ቀና ሳትል "ለጊፋታ ነው አሉ" አለችኝ። ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል።

ተስፋዬ ሰምቶ ኖሮ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ በዚያ ዳጣ ሥጋ እየበሉ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ትዝ ይሉኛል። ማርታ ዛሬ በፕላስቲክ የታሸገውን በስልክ አዝዛ ታስመጣለች። እኔ አፍንጫ የማያስጠርገውን ዳጣ አልለውም።

ጋሽ ሸምሱ ካረፉ ቆዩ። ባሌ ተስፋዬ ግን "እኔን አዎ ያሉኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ ካንቺ አፍ አልሰማሁም" እያለ ይኸው አርጅቷል። ሁልጊዜ እስቅና አልፈዋለሁ። ያን ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለማርታ ስነግራት ግን እውነት እዳው እንዳለብኝ ተሰማኝ።

አዲሱ ስልክ የጠራው ያኔ ነው። ተስፋዬ ነበር፤ የድሮ ተማሪውን ሊጠይቅ ቤሌ ሄዷል። ማርታ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችልኝ።

"አስቱ፣ በሰላም ገብቻለሁ። ይሰማል?"

"ይሰማል። ተስፋዬ፣ ያኔ በጋሽ ሸምሱ ስልክ ለጠየቅከኝ... አዎ። አገባሃለሁ።"

"እማዬ!" አለች ማርታ ደንግጣ። "መስኮቱ ክፍት ነው፣ ጎረቤት ይሰማል እኮ!"

"ይስማ" አልኳት።

ከቤሌ በኩል አንዲት ወደ ውስጥ የተሳበች ትንፋሽ ጥርት ብላ ተሰማች።

ስልኩን ወድጄዋለሁ።