ፓስተሩን በግጥም የፈታችው ኦናሌና

ኦናሌና ማፎኮ ሰባት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን አለቀሰች። ሥራዋ ይኸው ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሚታይ ድራማ የፓስተር ሚስት ሆና፣ ባሏ ሲማግጥ ታለቅሳለች፣ ንስሐ ሲገባ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ሊማግጥ ኮቱን ሲያነሳ ሻይ እየቀዳች ታለቅሳለች። በግራ ዓይኗ ብቻ እንባ ማውረድ ትችል ነበር፤ ካሜራው በግራ በኩል ከሆነ ቀኙን ምን አለፋው፣ ትላለች።

በሰባተኛው ዓመት ደራሲዎቹን አንድ ነገር ለመነች።

«አንዴ፣ አንዴ ብቻ መልስ ልስጠው። ‹የት አመሸህ?› እንኳን ልበል።»

«የዚች ሴት ውበቷ ዝምታዋ ነው» አሏት።

«ዝም የሚል ከፈለጋችሁ ፍሪጅ ቅጠሩ!»

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ የፓስተሩ ሚስት ለዲያቆናት ሻይ ስታፈላ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያው ይዟት ሞተች። ቀብሯ ሁለት ክፍል ወሰደ። ባሏ ሬሳ ሣጥኑ ላይ ተደፍቶ «በዝምታዋ ሰበከችን!» ሲል ሟቿ ሳቋ እያመለጣት ቀረጻው ሦስት ጊዜ ተደገመ።

ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት፣ ወደ ትውልድ ከተማዋ ማሂኬንግ፣ ተመለሰች። መናኸሪያው በር ላይ ማግዊንያ የሚሉትን የሊጥ ጥብስ በዘይት እየጠበሰች የምትሸጥ ሴትዮ ገና ስታያት ጭልፋዋን ዘይቱ ውስጥ ጣለችው።

«ወዲያ በይ! ትናንት አይደል እንዴ የቀበርንሽ?»

«ማማ፣ ድራማ እኮ ነው። በሕይወት አለሁ። ትኩስ ትኩሱን ሁለት ስጪኝ።»

«ለሙት አልሸጥም! ደግሞስ ምን አስነሳሽ? ያ ሴሰኛ ባልሽ ናፈቀሽ?»

«ባሌ አይደለም!»

«አሁንማ አይደለም። ሞት ለያያችሁ።»

ሥራ ብትፈልግ ማን ሙት ይቀጥራል? የጠሯትም ቢሆኑ ለሌላ ለቅሶ ነው። ስምንት ወር እንደዚህ ከረመች፤ ከዚያ የአጎቷ ልጅ ሠርግ መጣ።

ድንኳኑ ሞልቷል፣ ሥጋው ተበልቷል፣ አጎቷ ቢራው ራሱ ላይ ወጥቶበታል። ማይኩን ይዞ ተነሣ። «ክቡራን እንግዶች! የቴሌቪዥኗ ልጃችን አሁን በግራ ዓይኗ ታለቅስልናለች!» ሰዉ አጨበጨበ። ኦናሌና ወጣች፤ ጉንጯ ግን በንዴት ይግል ነበር። ማይኩን ከእጁ ነጠቀችና ዲጄውን «ምቱን እንዳታቆመው» አለችው። ከዚያ ሰባት ዓመት የታፈነው ሁሉ በገዛ ቋንቋዋ፣ በሴትስዋና፣ ከምቱ ጋር እየተመታ ወጣ፦

«ፓስተር፣ ሸሚዝህን ስተኩስ ሽቶው ሁሉን ነገረኝ፣
ከመዘምራን ሦስተኛዋ ሰላምታዋን ላከችልኝ፤
ሰባት ዓመት አሜን አልኩህ፣ ማንቆርቆሪያው ገደለኝ፣
ሙት ደግሞ ማንን ይፈራል? ቁጭ በልና ስማኝ!»

አክስቶቿ ጫማቸውን አውልቀው ተነሡ። ሙሽራዋ ባሏን ጥላ መሀል ገባች። ያጋባቸው እውነተኛው ፓስተር ውኃ ፍለጋ ከድንኳኑ ወጣ፤ ሳይመለስም ቀረ።

በስልክ የተቀረጸው በሳምንቱ አገር ምድሩን አዳረሰ። ዘፈኑን በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ጓሮ ቀረጹት፤ ካስኩ በተነሣ ቁጥር ቀረጻ ይቆማል። የሠፈሩ ሬዲዮ አጫወተው፣ ትልልቆቹም ተከተሉ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ኦናሌና ራፐር ሆነች። ያኮረፈቻት እናቷ ብቻ ነበረች። የቤተ ክርስቲያኗ የእናቶች ማኅበር አባል ናት፤ በየሐሙሱ ለስብሰባው የማኅበሩን ቀይ ሸሚዝ ለብሳ ስትወጣ ልጇን ቀና ብላ አታያትም።

አንድ ቀን ሩስተንበርግ ከተማ፣ በአንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ስትዘፍን፣ ከሕዝቡ መሀል ጩኸት ተነሣ።

«ይኸውና! ሴሰኛው!»

ሴቶች አንድ ሽማግሌ ከበዋል። አንዷ ለስላሳዋን አናቱ ላይ ደፋችበት። ኦናሌና አየችው፤ ፓስተሩን ሆኖ የተወነው ራ ሞዲሪ ነው፤ «ራ» በቋንቋቸው «አባባ» እንደ ማለት ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሳያገባ እርግብ ሲያረባ የኖረ፣ በቀረጻው መሀል እየተነሣ «ልጄ፣ አልበረደሽም?» የሚላት ሰው።

«ተዉት!» ብላ ጮኸች። «እሱን መስደብ የኔ ሥራ ነው!»

መድረክ ላይ አወጡት። ፊቱን በገዛ ሻርፗ ስትጠርግለት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ከሞትሽ ወዲህ ገበያ መውጣት አልቻልኩም። ባለፈው አንዷ በጎመን መታችኝ።»

ኦናሌና አፈረች። የወረወረችው ሁሉ ለካስ የሚያርፈው እዚህ ምስኪን ላይ ነው። «ራ ሞዲሪ፣ በምን ልካስዎት?»

«ማይኩን ስጪኝ። እኔም የምመልሰው አለኝ።»

ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ምቱን ግን በፍጹም አያገኘውም፤ ምቱ ሲሄድ እሱ ይደርሳል። «ሴቶቹን ደራሲው አመጣቸው» አለ፣ «እኔማ ከእርግብ ሌላ አላቀፍኩም!» ሕዝቡ በሳቅ ተንከተከተ። ለስላሳ የደፋችበት ሴት ራሷ ናፕኪን ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ ኦናሌና በምትዘፍንበት ሁሉ ራ ሞዲሪ አለ፤ እሷ ትሰድበዋለች፣ እሱ ዘግይቶ ይመልሳል።

ማሂኬንግ ላይ ሲጫወቱ እናቷ መጣች። ቀይ ሸሚዟን ለብሳ፣ እጇን አጣምራ፣ ፊት ወንበር ላይ። አንዴም አልሳቀችም። ሲያልቅ ኦናሌና ፈራ ተባ እያለች ቀረበቻት።

«ማማ፣ ተናደድሽ?»

«እንዴት አልናደድ! ‹ሴሰኛ› ብለሽ ሦስት ጊዜ ደገምሽ። ቃል አለቀብሽ? አያትሽ ለእንደዚህ ያለው ሰው አሥራ አንድ ስም ነበራት።»

«አሥራ አንድ?»

«ወረቀት አምጪ።»

በማግስቱ ወጥ ቤት ተቀመጡ። እናትየው መነጽሯን አድርጋ ስሞቹን አንድ በአንድ ታስጽፋለች፤ የከብት አለበት፣ የአሮጌ ድስት አለበት፣ አንዱን ደግሞ በሩ ይዘጋ ብላ ነው የነገረቻት። ራ ሞዲሪ ጥግ ላይ ሆኖ «ይሄም ለኔ ነው?» ይላል በየመሀሉ።

«ለእርስዎ ነው» ትለዋለች እናትየው። «ሻይ ልጨምርልዎ?»

ሁለተኛው አልበም ሲወጣ የእናቶች ማኅበሩ ስሞቹን ማን እንዳስተማረ አጣርቶ እናትየውን ለሦስት ሐሙስ አገዳት። በሁለተኛው ሐሙስ ግን ሊቀመንበሯ ራሷ ሦስት ሴቶች አስከትላ በሩን አንኳኳች። የአያትየዋ ስሞች አሥራ አንድ መሆናቸውን ሲያጣሩ ሰምተዋል፤ አልበሙ ላይ ግን ዘጠኝ ብቻ ነው የቆጠሩት፤ የቀሩትን ሁለቱን ሊሰሙ ነው የመጡት።