የማይዛመዱ ሁለት ሳሎች በቤር ሼቫ

ከነታንያ በጠዋቱ ባቡር የተነሣሁት ለሽርሽር አልነበረም። የእናቴ ወንድም አባባ ዘለቀ ቤር ሼቫ ሐኪም ዘንድ የሚሰሙት ውጤት ነበራቸውና “ሰው ይዤ ልሂድ” ብለው ጠርተውኝ ነው። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ባለፈው ክረምት አጎቴ ሳንባ ነቀርሳ እንዳለባቸው ገና ሳይታወቅ ሆስፒታል ሲተኙ፣ እግራቸውን ታመው ከጎናቸው የተኙት የልጅነት ጓደኛቸው አባባ ይርጋ ነበሩ። ከወራት በኋላ አባባ ይርጋም ማሳል ጀመሩ፤ ያው በሽታ ተገኘባቸው። የሰፈሩ ሰው ዳኛ ሳይጠብቅ ፈረደ፤ አጎቴም በራሳቸው ላይ ፈረዱ።

ባቡሩ በወታደሮች ተጨናንቋል። አንዱ ጠመንጃውን እንዳቀፈ እንቅልፉን ይለጥጣል። ከቴል አቪቭ በኋላ አረንጓዴው እየሳሳ ሄደ፤ ለሃቪም የሚባለው ጣቢያ ላይ ጥቂት ሰዎች ወርደው ወደ መኪኖቻቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ቢጫ መሬት ነው። ከጣቢያው ወጥቼ፣ ታሃና መርካዚት ከሚሉት የአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ገበያ ወይን ገዛሁ፤ በባዶ እጅ አይገባም። ከእኛ ከተማ ይረክሳል፤ ሙቀቱ ግን አይቻልም።

ሽኩና አሌፍ

አጎቴ የሚኖሩት በዚህ ሰፈር፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ምሳ ሲቀርብ እኔና ሚስታቸው ከአንድ ትሪ በላን፤ እሳቸው ግን ሰሐናቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ለብቻቸው በሉ። መድኃኒቱን ጨርሰው ድነዋል ቢባሉም አይሰሙም።

“ሆስፒታል ተኝተን ይርጋን አጎርሰው ነበር” አሉኝ። “በሽታውን በዚህ እጄ ነው የሰጠሁት።”

ከሰዓት በኋላ

ዶክተሯ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ዕብራይስጥ ተደግፎ ይሄዳል። አባባ ይርጋ “ለዘለቀ ንገሪው፤ የሚጨነቀው እሱ ነው” ብለው ፈቅደውላታል።

“አባባ፣ መጀመሪያ፣ ይሄ በሽታ በትንፋሽ ነው፣ በጉርሻ አይመጣም። ቤሴደር? ሁለተኛ፣ ማዓባዳ የሁለታችሁንም ሐይዳክ ሙሉውን አነበበ።”

ቤሴደር “እሺ?” ማለቷ ነው፤ ማዓባዳ የምትለው ላቦራቶሪውን፣ ሐይዳክ ደግሞ ጀርሙን ነው። ጂኖም የሚባለውን የጀርሙን የዘር ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበው ያስተያያሉ። አጎቴ አልገባቸውም። እሷም ዘዴ አላጣችም።

“ሰው ሲጋባ እስከ ሰባት ቤት ትቆጥሩ የለ? ለጀርሙም ቆጠርንለት። ካንተ ወደ እሳቸው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ አንድ ዓይነት ነበር የሚሆነው።”

ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለው “አንተ” ማለቷን አጎቴ አልፈዋታል። ይልቅ ቀና አሉ። ዘር ቆጠራ ላይ ማን ብሏቸው፤ ስንት ሰርግ አስቀርተዋል!

“ታዲያ የእኔና የይርጋ ይጋባሉ?”

“ይጋባሉ አባባ። ሰባት ቤት ድረስ አይገናኙም።”

እኔ ሣቅሁ፤ እሳቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ።

“ታዲያ አባባ ይርጋ ከማን ያዛቸው?” ብዬ ጠየቅኋት።

“አላውቅም። ሳንባ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ፣ ሰው ሲያረጅ የሚነቃ አለ። እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።”

አባባ ይርጋ ቤት

አጎቴ ያ በሽታ ከተገኘባቸው ወዲህ ረግጠውት ወደማያውቁት የጓደኛቸው ቤት በቀጥታ ሄድን። ሰላምታም አልቀደመም።

“ከእኔ አይደለም!” አሉ ገና ከበሩ።

አባባ ይርጋ ሣቁ። “እኔ መቼ ካንተ ነው አልሁህ? ከማን ነው ታዲያ?”

አጎቴ የዶክተሯን ቃል በደስታ ደገሙላቸው፤ ድሮ ገብቶ፣ ተኝቶ የኖረ ሊሆን እንደሚችል።

“ድሮ?” የአባባ ይርጋ ሣቅ ቀረ። “ታከለ ነዋ።”

ታከለ ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳኑ መንገድ የሞተው ታናሽ ወንድማቸው ነው።

“አዝየው ነበር። አንገቴ ሥር ነበር የሚያስለው። አሁን በኪኒን የምገድለው የታከለን ነው?”

አጎቴ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡና ጉልበታቸውን ያዙ።

“ተወው፣ መሣሪያ ይሳሳታል። ከእኔ ነው። ኪኒንህን ዋጥ።”

መልስ

አጎቴ ጣቢያው ድረስ ሸኙኝ። “እናትሽ ከጠየቀችሽ ከእኔ ነው በያት” አሉኝ። ከማን እንዳልሆነ ማወቅ ለሁሉም እፎይታ ይመስለኝ ነበር፤ እንዳልሆነ ከዚህ መንገድ ተማርሁ። ነታንያ ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

“ከማን ሆነ?” አለችኝ።

“ከወንድምሽ” አልኋት።