ላቆመ ሰው አይደወልም

ጋሽ ሜትር ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ነው፤ ረዘም ቀጠን ያለው ቁመታቸውም ስሙን አግዞታል። የሰፈሩን ሰው ወገብ በዓይናቸው ለክተው የሚናገሩ ሰው፣ የገዛ እግራቸው ጉድ ሠራቸው። የስፌት መኪናውን ጥቂት እንደረገጡ ባታቸው ጭምድድ ይላል። መንገድ ሲሄዱም እንደዚያው ነው፤ የሱቅ መስኮት የሚያዩ መስለው ይቆሙና ሕመሙን ያሳልፉታል። ስንት የማይገዙትን ድስት ትክ ብለው እንዳዩ እሳቸው ያውቃሉ።

ሐኪሙ ወደ እግር ደም የሚያደርሰው ሥር ጠቧል አላቸው።

"በቀዶ ጥገና እንከፍተዋለን። እያጨሱ ብከፍተው ግን ተመልሶ ይዘጋል፣ ያኔ እግሩ ራሱ ይቆረጣል። መጀመሪያ ሲጋራውን ይተዉ።"

ሲጋራ እንድታስተዋቸው የተመደበችው ነርስ አመሻሽ ላይ ትደውል ጀመር። "ጋሼ፣ ዛሬ ስንት አጨሱ?" ትላለች። ይናገራሉ። ትቆጣለች። ሲያምርዎት ውሃ ይጠጡ፣ እጅዎን ሥራ ያስይዙ ትላለች፤ መሃል ላይ ልጇ ጥርስ እያበቀለ እንቅልፍ እንደነሳት ታወራቸዋለች። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያ ቤት የተወራ ነገር ቢኖር የሱሪ ርዝመት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ልታበረታታቸው ብላ፣ "አይዞዎት፣ ያቆሙ ዕለት ከእኔ ጭቅጭቅ ይገላገላሉ! ላቆመ ሰው አንደውልም፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ አለ" አለችና ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር አለባቸው።

የሚገርመው ምክሯ ሠራ። ከረሜላ እየመጠጡ፣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከሉ፣ ሲጋራውን እርግፍ አድርገው ተዉት። መተርኮሻው ታጥቦ የቁልፍ ማስቀመጫ ሆነ።

"ዛሬስ ጋሼ?"

"ሁለት" አሉ።

አንዳንድ ቀን ቁጣዋ እንዲረዝምላቸው ሦስት ይላሉ። እንግዲህ ፍረዱ! ሰው ማጨሱን ይደብቃል እንጂ አለማጨሱን የደበቀ የት ታይቷል? ሐኪሙም "ገና እያጨሱ ነው" ሲባል ቀዶ ጥገናውን ገፋው፣ ደግሞ ገፋው። ጋሽ ሜትር ይህን አላጡትም። ስልኩ ሲጮኽ ግን እግራቸውን ይረሱታል።

የእግራቸው ትንሿ ጣት ጠቆረች። ክሊኒክ ሲሄዱ ነርሷ የትንፋሽ መለኪያውን አቀረበችላቸው፤ ከሳምባ የሚወጣውን የሲጋራ ጭስ የሚያሳብቅ መሣሪያ ነው። ነፉ። መሣሪያው ምንም አላገኘም። ተበላሽቷል ብላ ሌላ አመጣች። እሱም ምንም አላገኘም።

"ጋሼ፣ መቼ ነው ያቆሙት?"

ጫማቸውን አዩ። "ቆየ።"

"ታዲያ ሁለት፣ ሦስት ሲሉኝ የነበረው? እግርዎ እኮ ነው! ለምን?"

"ካቆምኩ አትደውይማ፣ ልጄ።"

የነርሷ ዓይን እንባ ሞላ። መሣሪያውን እዚያው አስቀምጣ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች።

ሥሩ ተከፈተ፤ እግሩ ዳነ። ትንሿ ጣት ግን ከመዘግየቱ የተነሣ ተቆረጠች። ከሐኪም ቤት ወጥተው ቤታቸው የገቡ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ ጋሽ ሜትር በፋሻ የታሰረ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ስልኩን አላየውም እያሉ ያዩት ነበር። ምን አባቱ ብሎ ይጮኻል? ሲጋራ የለ፣ ቁጣ የለ።

ጮኸ።

"ምንም አላጨስኩም፣ ሲስተር" አሉ ቶሎ ብለው፤ የምትዘጋ ከሆነ ተስፋ ሳያደርጉ ትዝጋው ብለው።

"እሱን መች ጠየቅኩዎት? ራት በሉ ወይ?"

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። "በልቻለሁ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ውሸቱ ለምዶባቸዋል። ምድጃው ላይ ያለውን ባዶ ድስት አዩት።

"አልበላሁም" አሉ።