ዝም ሲሉት የሚቆርጠው ሳጥን

ግራ ጆሮው አይሰማም። አባቱ ነው ያደነቆረው። ልጅ ሆኖ፣ አባቱ እናቱን ሲደበድባት መሀል ገባ። በጥፊ አጮለው፣ ከግድግዳ ጋር ተላትሞ ወደቀ፣ ከጆሮው ደም ወረደ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ በኩል ያለው ዓለም ጭጭ ነው።

«ጎረቤታችን ምን ያደርግ ነበር መሰለሽ?» አለኝ አንዴ፣ የስልክ ሽቦ እየላጠ። «ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር። እናቴ በጮኸች ቁጥር ከፍ፣ በጮኸች ቁጥር ከፍ። ይኸው እስከ ዛሬ ዘፈን አልወድም።»

ይህን ብሎ ሽቦውን መላጡን ቀጠለ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው። ከባዱን ነገር ጣል ያደርግና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሥራው ስልክ ነው። መስመር ይዘረጋል፣ የተበላሸ ይጠግናል። ባለ አንድ ጆሮ የስልክ ሠራተኛ! ከቢሮአችን ሥር ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ይህን ካወቀ ጀምሮ «ግማሽ ስልክ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ገና ከመንገድ ማዶ ሲያየው፣ «ግማሽ ስልክ መጣ! ዛሬ በየትኛው በኩል ልስደብህ?» ይለዋል።

«በግራ ስደበኝ። አንተም ይውጣልህ፣ እኔም አልስማህ።»

እየተሰዳደቡ ነው የሚዋደዱት። እኔ ግን ጋሼ ነው የምለው።

የምሠራው የተደበደቡ ሴቶች የሚጠጉበት ቤት ነው። ስልክ አነሳለሁ። ከጎሚስታው በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነን። በራችን ብረት ነው፣ መሀሉ ላይ ጎድጎድ ያለው የአንድ ባል መዶሻ ያረፈበት ነው። ከመስኮቶቹ አንዱ በመስታወት ፋንታ ጣውላ ተመቶበታል። ድንጋዩን የወረወረው የአንዷ ወንድም ነው፣ የገዛ ወንድሟ። ደረጃው ላይ ደም ማጠብ ለምዶብናል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚያስለቅቀው፣ ሙቅ ከሆነ ይጣበቃል።

የስልክ ቁጥራችን የድሮ ነው፣ በሽቦ የሚመጣ። ሴቶቹ በቃላቸው ነው የሚይዙት። ሞባይላቸውን ባል ስለሚፈትሸው አይመዘግቡትም፣ አንዷ ለአንዷ በጆሮዋ ትነግራታለች።

ታዲያ ዝም የሚሉ ደዋዮች አሉን። ሰውየው ቤት ውስጥ ስላለ መናገር አይችሉም። ደውለው ዝም ይላሉ። እኛም ዝም እንላለን፣ ድምፃችን ከእጀታው ሾልኮ እንዳይሰማ። የቻለች ጊዜ በጥፍሯ እጀታውን መታ ታደርጋለች፤ አንዴ ከመታች አዎ ነው፣ ሁለቴ ከሆነ አይደለም። አንዳንዷ ምንም ሳትመታ ረጅም ጊዜ ትቆያለች። የፈለገውን ያህል ብትቆይ ከእኛ በኩል ስልክ አይዘጋም። ይህ የቤቱ ሕግ ነው። ለውጪ ሰው ደግሞ አይነገርም። ነገሩ ባሎች ጆሮ ከደረሰ አለቀልን። ለጋሼም አልነገርነውም፣ ምንም ቢሆን የውጪ ሰው ነው።

የቤቱ ኃላፊ እትዬ ናት፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት። በየክፍሉ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ እንዲገባ የወሰነችው እሷ ናት፤ ሐኪም ወይም ፖሊስ ጋ ስንደውል ያንን አንዱን የድሮ መስመር እንዳንይዘው ብላ። ጋሼን ጠርታ ግን አስጠነቀቀችው።

«ያንን ቁጥር ካጠፋህብኝ አንተንም አጠፋሃለሁ።»

«አይጠፋም እትዬ» አላት። መዳፉን የምታክል ሳጥን አወጣ። «ከግድግዳው የሚመጣውን ሽቦ እዚች ውስጥ እሰካዋለሁ። እሷ ደግሞ የሽቦውን ድምፅ ለኢንተርኔቱ ትተረጉምለታለች። ቁጥሩ ያው ነው፣ የሚጮኸው ብቻ አዲሱ ስልክ ነው።»

ሰካው፣ ሠራ። ደስ አለን።

ብዙም ሳንቆይ አንዲት ሴት በእግሯ መጣች። ከንፈሯ ተተርትሯል፣ ሕፃን አዝላለች፣ የሕፃኑ ኮፍያ የእናቱን ደም ጠጥቷል። «ስደውል ተይዟል፣ ስደውል ተይዟል» አለች። «ማንን ነው እንደዚህ ስታወሩ የዋላችሁት?»

ማንንም አላወራንም። እትዬ ደውላ ጋሼን አስመጣችውና ጮኸችበት። ሳጥኑን ከፍቶ፣ ኮምፒውተር ሰክቶ አየው። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ እኛ ሳናነሳ ቀርተን ደዋይዋ ተስፋ ቆርጣ ስትዘጋ ሳጥኑ መሄዷን አያውቅም። በእኛ ፋንታ ራሱ አንስቶ መልእክት መቀበያው ላይ ስላስገባት፣ ከሄደችም በኋላ ባዶውን መስመር ይዞ ይቀመጣል። ሌላው ሰው ሲደውል ተይዟል ይለዋል።

ትንሽ ነካካውና፣ «በቃ፣ ተፈታ» አለ። «ከደዋዩ በኩል ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ካልመጣ በራሷ እንድትዘጋ አድርጌያታለሁ። ሰው ዝም ካለ ሄዷል ማለት ነው አይደል?»

«ተባረክ» አለችው እትዬ። ከዚያች ሴት ከንፈር ውጪ ሌላ የሚታሰብ ነገር አልነበረም ያን ሰዓት። ማናችንም ልብ አላልንም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የልብስ ሰፊዋ ተራ ነበር።

ልብስ ሰፊዋን በድምፅ ብቻ ነው የማውቃት፣ ያውም የመጀመሪያ ቀን ብቻ፣ ባልየው በሌለበት አድራሻዋን ስትነግረኝ። ከዚያ በኋላ በጥፍሯ ነው የተዋወቅነው። ባልየው ጀርባዋ ላይ ትኩስ ካውያ አስቀምጦባታል። ሞባይሏን ቀምቷት የቤት ስልኩን ብቻ ትቶላታል፣ ሰው ልብስ ለማሰፋት ስለሚደውል፣ ገንዘቡን ስለሚፈልገው። የዚያን ቀን ልትወጣ ነው። ምሳውን በልቶ ሲጋደም ትደውላለች፣ እንቅልፍ ሲወስደው አንዴ ትመታለች፣ እኔ በመስኮት ለጎሚስታው ምልክት እሰጣለሁ፣ እሱ በአሮጌ ፒካፑ ይደርስላታል። ቤቷ ሩቅ አይደለም። ብዙ ሴት እንዲህ አውጥተናል።

ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። ዝም። እሷ ናት።

ከሩቅ የሰውየው ድምፅ ተሰማ፤ «ማሽኑን አቁሚው፣ ልተኛበት!» የስፌት ማሽኑ ቆመ። ከዚያ ፀጥ አለ። እኔም ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ።

ጠቅ አለና ተዘጋ።

የዘጋችው መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደሰማነው እሷ እጀታውን የተሰፋ ልብስ ላይ አስተኝታው ነበር። መስመሩ ሲቆረጥ ከውስጡ ቱት ቱት እያለ መጮህ ጀመረ፣ በዚያ ፀጥታ ውስጥ። ባልየው ገና አልተኛም ነበር፤ ተነስቶ የስልኩን መልሶ መደወያ ቁልፍ ተጫነ።

ስልካችን እንደገና ጮኸ።

«አቤት» አልኩ።

«አሃ፣ ሴት ነሽ» አለ የወንድ ድምፅ። ተረጋግቶ ነው የሚያወራው። «ሚስቴን የምትመክሪያት አንቺ ነሽ?»

እጀታው ሲወረወርና መሬት ሲመታ ሰማሁ፣ አልዘጋውም። ከዚያ የመጀመሪያው ምት መጣ። ሥጋ ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ አንዴ የሰማው ሰው ከምንም ጋር አያምታታውም።

ጋሼ ያን ሰዓት እዚያው ክፍል ውስጥ መሰላል ላይ ሆኖ ሽቦ እየቸነከረ ነበር። ፊቴን አየና ወረደ። እኔ ለእትዬ እንዲሰማ ብዬ ድምፅ ማጉያውን ተጫንኩት። ክፍሉ በሙሉ በዚያች ሴት ጩኸት ተሞላ።

«ማን ናት?» አለ ጋሼ፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ ስልኩ አዙሮ።

«ልትወጣ ነበር። ዝም ብላ እየጠበቀች ሳለ ተቆረጠ።»

«ዝም ብላ?»

«ዝም ነው የሚሉት ጋሼ። ባሎቻቸው እንዳይሰሙ። ሁልጊዜም...»

አልጨረስኩም። ሳጥኑን አየው፣ እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ፒንሳውን ወረወረና ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ከታች «ግማሽ ስልክ፣ ምን ሆነሃል?» የሚለው የጎሚስታው ድምፅ፣ ከዚያ የፒካፑ ሞተር ተሰማኝ።

እትዬ በሌላው ስልክ ፖሊስ ትለምናለች። እኔ ከድሮው መስመር ጋር ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በጆሮዬ ነው ያየሁት። ወንበር ሲሰበር። «አሁንም ዝም በይ! ዝም ማለት ትወጂ የለ!» ሲላት። ስትሳብ፣ ጥፍሯ ወለሉን ሲቧጥጥ። እና አንድ ነገር ገባኝ፣ እስከ ዛሬ ስተኛ ይመጣብኛል። ያ ሳጥን መስመሩን ያልቆረጠው ድምፅ ስላለ ነው። እሷን እስከመታት ድረስ ይቆያል። ዝም ካለ ግን ይቆርጠዋል። እኔ ደግሞ ዝም ያለው ስለሞተች ይሁን ስለተረፈች አላውቅም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጩኸቷ እንዳይቆም እለምን ነበር።

በር ተመታ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ከነመቃኑ የወደቀ መሰለ።

«ልቀቃት!» የጋሼ ድምፅ ነው፣ ግን እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ከባድ ብረት አንድ ነገር ላይ አረፈ፣ ጋሼ አቃሰተ። ካውያው ነበር፣ ግራ እጁ ላይ ነው ያረፈው፣ ጣቶቹን ሰባበራቸው። ቀጥሎ የመጣው ግን የጡጫ ድምፅ ነው። በላይ በላዩ። መጀመሪያ ባልየው ተሳደበ፣ ከዚያ «በቃኝ፣ በቃኝ ወንድሜ» አለ፣ ከዚያ ማለቱንም ተወ። ጡጫው ግን አላቆመም።

«ልትገድለው ነው! ጋሼ! ተወው!» ጎሚስታው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ አለው። «ስማኝ እንጂ!»

ኋላ ሲነግረን፣ «ለካ በግራው በኩል ነው የምጮኸው» አለ። «በቀኙ ዞሬ ስጮህበት ነው እጁ የቆመው። ዓይኑን ብታዩት! እኔን ራሴን የሚያውቀኝ አልመሰለኝም።»

ከዚያ ፀጥ አለ። ምንም የለም። እጀታውን ከጆሮዬ ጋር አጣበቅሁት።

ጠቅ አለ። ሳጥኑ ዘጋው።

የፒካፑ ጥሩንባ እስኪሰማ ድረስ እትዬና እኔ እንዴት እንደቆየን አልናገርም። ጎሚስታው ከታች፣ «ትተነፍሳለች! ወደ ሐኪም ቤት እያለፍን ነው!» ብሎ ጮኸ።

ልብስ ሰፊዋ ተረፈች። መንጋጋዋ ተሰብሮ በሽቦ ታሰረ፣ ምግቧ በቀጭን ቱቦ ሆነ። ከሐኪም ቤት ስትወጣ እኛ ጋ መጣች፣ ከኋላ ያለው ክፍል ተሰጣት። ባልየውን ፖሊስ ወሰደው፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የሄደው።

ጋሼ ጠፍቶ ከረመና አንድ ቀን እጁ በጀሶ ተጠቅልሎ መጣ። ወንበር አልያዘም። እትዬ ፊት ቆመ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩባት።»

«እኛም አልነገርንህም።»

«እኔም አልጠየቅሁም።» መሬት መሬት አየ። «ሌላም ነገር አለ እትዬ። ስመታው ደስ አለኝ እኮ። አባቴም እንደዚህ ነበር ደስ የሚለው ማለት ነው?»

እትዬ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አደረገችለት። «ተቀመጥና ሥራህን ሥራ።»

ተቀመጠ። በአንድ እጁ ኮምፒውተሩን ሳጥኑ ላይ ሰካ። «ሰው ሲዘጋ በመስመሩ የሚመጣ ድምፅ አለ፣ ቱት ቱት የሚለው» አለኝ። «በእሱ ብቻ እንድትዘጋ ነበር ማስተማር ያለብኝ። ያ ጣጣ አለው ብዬ በአቋራጭ ሄድኩ።» እኔን ከጎረቤት ሱቅ እያስደወለ፣ እያስዘጋ፣ ያንን ድምፅ በደህናው ጆሮው እየሰማ፣ ለሳጥኑ ልኩን እየነገረ ዋለ። ሳያርፍ፣ ሳይቀልድ። በመጨረሻ ዘግቼ ስመለስ መስመሩ ወዲያው ተለቀቀ።

«አሁን ዝም የሚል ሰው እፈልጋለሁ» አለ። «በደንብ ዝም የሚል።»

እኔና እትዬ ተያየን። እትዬ ሞባይሏን ይዛ ወደ ኋላው ክፍል ገባች።

ስልኩ ጮኸ። ጋሼ አነሳው፣ ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገው። ምንም አልተናገረም፣ ከዚያ ወገንም ምንም የለም። ማን እንደሆነች ገብቶታል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሳጥኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት እንደበራች ናት። ድሮ ይቆርጥበት የነበረው ጊዜ አለፈ። እንደገና ያን ያህል አለፈ። ከታች ጎሚስታው «ግማሽ ስልክ፣ ምሳ አትበላም እንዴ?» እያለ ይጣራል።

ጠጋ አልኩት። መታ ስታደርግ ለእኔም ተሰማኝ። አንዴ።

«አለሁ» አለ ጋሼ። «ያን ቀን የቆረጥኩብሽ እኔ ነኝ እህቴ። በሩን ሰብሮ የገባውም እኔ ነኝ። ሁለቱም እኔ ነኝ።»

ዝም አለች። መብራቷ እንደበራች ናት።

«ይሠራል፣ አየሽ? አይቆርጥም።» አፍንጫውን በጀሶው ጠረገ። «እንግዲህ ደክሞሻል... ልዝጋው?»

ትንሽ ቆየችና መታች። ሁለቴ።

እጀታውን በትከሻውና በጆሮው መሀል አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ወጥቼ በሩን ቀስ ብዬ ገጠም አደረግሁት።