ከወታደሩ እግር ሥር የነበረው ፊደል

ማኅተም ቀራጩ ያን ፊደል ከማጥፋቱ በፊት አንብቦት ነበር ወይስ አላነበበውም? ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር በየቀኑ አየዋለሁ፤ ስለ እሱ ብዙ ነገር አውቃለሁ። ይህን ግን አላውቅም።

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ማጉያ ይለዋል። ማጉያ መነጽሩን በላስቲክ ግንባሩ ላይ አስሮ ይውላል፤ ምሳ ሲበላም አያወልቀውም።

"ዳቦው እንዲተልቅልህ ነው?" ይሉታል።

"የእናንተ ቁም ነገርማ በዚህም አይታይ" ይላቸዋል።

በቀለምና በእድፍ የተደፈነ የድሮ የናስ ማኅተም ሲመጣለት ትንሿን የሽቦ ብሩሽ ሞተሩ ላይ ይሰካና ናሱ እስኪያበራ ይፈትገዋል። ያኔ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እንዲህ ነው፤ ናስ ዋሽቶት አያውቅም።

ታላቅ ወንድሙ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። አንድ ቀን ከጉድጓድ ሥር ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ሳንቲም ይዞ ወጣ። ቤተ መዘክር ወሰዳት፤ ባለሙያዋ አገላብጣ አየቻትና የጥንት ሮማውያን ናት አለችው። "እንዲህ ያለውስ ጣሳ ሙሉ አለን፤ ያንተው ትሁን" ብላ መለሰችለት። ብዙም ሳይቆይ ሳንባው ታመመና አልጋ ያዘ። ሳንቲሟንም ለታናሹ ሰጠው።

"የየት ከተማ ልጅ እንደሆነች ፈልግልኝ።"

"ምን ያደርግልሃል ጋሼ?"

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ታች እንጂ ወደ ሌላ ሄጄ አላውቅም። እሷ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ እኔ ዘንድ መጥታለች። ከየት እንደተነሳች ሳላውቅ ልሙት?"

"ደሞ ሞትን ምን አመጣው!"

"ሐኪሙ።"

ጋሽ ማጉያ ባለሙያዋን ሄዶ ጠየቃት። በአንዱ ወገን የቄሣሩ ፊት፣ በሌላው ጦር የያዘ ወታደር አለ። ከወታደሩ እግር በታች ቀጭን መስመር ተሰምሯል፤ ሳንቲሟ የተሠራችበት ከተማ ምልክት ከዚያ ሥር ነው፤ ሁለት ሦስት ፊደል። እሱን ዝገት ሸፍኖታል። ከቄሣሩ ፊት አቀራረጽ ተነስታ "ወይ አንጾኪያ ነው ወይ እስክንድርያ" አለችው። "በሮማውያኑ ፊደል የሁለቱም ምልክት በአንድ ፊደል ነው የሚጀምረው፤ የሚለየው ሁለተኛው ነው። በተጣራ ውሃ ውስጥ አስቀምጣት፣ ውሃውን እየቀያየርክ ጠብቅ። ወራት ይፈጃል። አደራ እንዳትፍቃት።"

ሳንቲሟ ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሰነበተች። ዝገቱ ንቅንቅ አላለም፤ የወንድሙ ድምፅ ግን ከቀን ቀን እየሳሳ ሄደ። አንድ ጠዋት ጋሽ ማጉያ ሊጠይቀው ሄዶ ቀና ማለት አቅቶት አገኘው። እንደተመለሰ ብሩሹን ሰካ። ሞተሩ ሲጮህ በግድግዳው ሰማሁ፤ ወዲያው ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ብገባ መዳፉ ላይ ሳንቲሟ እንደ አዲስ ናስ ታበራለች። ከመስመሩ ሥር የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ቀርቷል፤ ከእሱ ወዲያ ልሙጥ ነው።

"ከዝገቱ ሥር ፊደል ያለ መስሎኝ" አለኝ። "ለካ ብረቱ ድሮ አልቋል፤ መልኩን ይዞለት የቆየው ዝገቱ ነው።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ የሚለቅመውም አልተረፈው።

ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ታማሚው ሄድን።

"እህስ ማጉያው?"

ጋሽ ማጉያ ሳንቲሟን በእጁ አስያዘውና የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ሲያስተካክል ቆየ። "አንጾኪያ" አለ።

የወንድሙ አንጀት ቅቤ ጠጣ። "አንጾኪያ! ደሞ እንዴት አድርገህ አሳመርካት! ውሃ አለው አገሩ?"

"ወንዝ አለው። ባሕሩም ሩቅ አይደለም።"

"እንግዲያማ ጉድጓድ ቆፋሪ አይፈልጉም። ብሄድም ሥራ ፈት ነበርኩ" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ከዚያ ወዲያ ለጠያቂው ሁሉ ስለ አንጾኪያ ሲያወራ ሰነበተና ሞተ።

ጋሽ ማጉያ ለጊዜው ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፤ ግን እንቅልፍ አጣ። ሥራ ላይ እያለ እጁ ይቆማል። "ብሩሹ ሲዞር ሁለተኛውን ፊደል ለቅጽበት አይቼዋለሁ፤ የአንጾኪያ ነው" አለኝ አንድ ቀን። በሌላ ቀን ደግሞ እኔ ምንም ሳልጠይቀው፣ "ምንም አላየሁም። ያየሁት ለጋሼ ብዬ ነው" አለ። ሁለቱንም ሲል ፊቱ አንድ ዓይነት ነበር።

በመጨረሻ ለወንድሙ ሚስት ሊነግራት ቆረጠ። ብቻውን መሄድ ፈርቶ እኔን አስከተለ። ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አገኘናት።

"እትዬ፣ አንጾኪያ ያልኩት በግምት ነው። ፊደሉን በእጄ አጥፍቼዋለሁ።"

የያዘችውን ሸሚዝ አራግፋ ገመዱ ላይ ዘረጋችው። የባሏ ነበር።

"ሰውዬው በተኛበት እዚያ ሲመላለስ ነው የከረመው" አለች። "ገበያዋን ሳይቀር ነግሮኛል። አሁን ከዚያ ልትመልሰው ነው?"

"እውነቱን ብታውቂው ብዬ ነው።"

"አወቅሁታ። መንገር የነበረብህ ለእሱ ነበር። እኔ ምን ላድርገው?"

ሳንቲሟን ዘረጋላት። እጇን አልሰደደችም። "የላክኸው አንተ፣ አድራሻውን ያጠፋኸው አንተ። አንተ ዘንድ ትሁን" አለችና ወደ ልብሷ ዞረች።

ቤት ሲደርስ ያቺን ብርጭቆ አጠበ፤ የተጣራ ውሃ ሞላባትና ሳንቲሟን ቀስ አድርጎ ጨመራት። የሚለቀቅ ዝገት እንደሌላት ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ከዚያ መነጽሩን ከግንባሩ ፈታ። ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ቀይ መስመር ሠርቷል። ጫማውን ሳያወልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጋደም አለ።

ትንፋሹ እስኪረጋ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ገና ብርጭቆው ላይ ነበረች። ሲተኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር።