የኋላው ጎማ ከፊቱ ሲፈጥን

ልጄ ምህንድስና ተምራ ወደ ከተማችን ጨለለቅቱ በተመለሰችበት ክረምት ሬኮ አካባቢ ካለ ቡና ማጠቢያ የማሽን ጥገና ሥራ አገኘች። በየቀኑ እዚያ ለመድረስ የእኔ ሞተር ሳይክል ያስፈልጋታል። እኔ ደግሞ የሬኮን ዳገት በዝናብ ወጥታ ካላሳየችኝ ቁልፉን አልሰጥም አልኩ። መንዳትንም ጥገናንም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝና ሌላውን መፈተን እወዳለሁ።

ከዳገቱ ሥር ስንደርስ መሬት እንዲነክስ ብዬ የኋላውን ጎማ በእንሰት ቃጫ ጠመጠምኩት። ልጄ ሳቀች።

«አባዬ፣ አዳዲሶቹ ሞተሮች እኮ ጎማቸው ሲንሸራተት ራሳቸው ያውቃሉ።»

«በምን? በጸሎት?»

«በሁለቱም ጎማ ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። ጎማው ሲዞር አጠገቡ ያለች ሴንሰር የምትባል ትንሽ መሣሪያ ጥርሶቹን ትቆጥራለች። የፊቱን ጎማ ሞተሩ ስለማይገፋው የሚዞረው መሬቱን ተከትሎ ነው። የኋላው ከፊቱ በጣም ከፈጠነ፣ ባዶውን እየተሽከረከረ ነው ማለት ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል።»

«የእኛስ?»

«የእኛማ አንተ አለህ!»

እውነቷን ነው። በእኛ መንገድ ዳገት ሲመጣ ከኋላ የተቀመጠው ወርዶ፣ በእግሩ እየተከተለ ጎማውን ያያል፤ ሲንሸራተት ይጮኻል። ስለዚህ ወረድኩ። ገና ማርሽ ከማስገባቷ «ቀንሺ!» አልኩ። ቀነሰች። ትንሽ እንደሄደች ደገምኩላት። ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ጠፋ።

«አባዬ፣ ጎማው መቼ ተንሸራተተ?»

«ሊንሸራተት ነበር።»

«ሴንሰር ሊሆን ነው ብሎ አይጮኽም፤ ልዩነቱን ሲያይ ነው። አንተ የኋላውን ብቻ ታያለህ። የፊቱንም እይ እንጂ!»

በመንገዱ ዳር ዝናብ ተጠልላ የቆመች ሴት «ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ምክር ከብዷት ነው የቆመችው!» አለችኝ።

ቀድሞ ያልተሰጠ ምክር ምን ይጠቅማል ብዬ ልከራከር አሰብኩ። ግን ዳገቱ ላይ ያቆማት ጭቃው አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። አፌን ዘጋሁ። ይህ ለእኔ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ።

እንደገና አስነሳች። አሁን ሁለቱንም ጎማ አየሁ። የፊቱ በዝግታ ይዞራል፤ የኋላው ድንገት ፈጠነና ጭቃውን ደረቴ ላይ ረጨው። «ቀን...» ስል የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ራሷ ቀንሳለች። ጎማው መሬት ያዘ፣ እሷም ወጣች።

እያለከለኩ ጫፉ ላይ ስደርስ መሪውን ልትለቅልኝ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«የት ትሄጃለሽ? ወደ ፊት ጠጋ በይ» አልኳትና ከኋላዋ ተቀመጥኩ።

«ወደ ቤት እንመለስ?»

«ወደ ሬኮ። ከነገ ጀምሮ የምትውይበትን ቦታ አሳዪኝ። ደግሞ ቀስ ብለሽ!»

«አባዬ፣ ገና አልተነሳሁም እኮ!»