በኮምፒውተር የማይቀደድ ላሜራ

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ስለ ድስት ሥራ አውቃለሁ የሚል ሰው ቢኖር ሳኒ ነው፤ አላውቅም ማለትማ አልፈጠረበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠፍጣፋ ላሜራ ሞልድ በሚሉት የብረት ቅርጽ ላይ አጋድሞ፣ ፕሬሱን እየጫነ ጎድጓዳ ድስት ሲያወጣ ኖሯል። ሰውዬው ግትር ነው፤ እጁ ግን አይታማም።

ዘንድሮ ያ እጅ ከዳው። ሚስቱ ሀዲያ ሞታ፣ ከለቅሶ ተነስቶ ወርክሾፑን ከከፈተ ጀምሮ የጫነው ላሜራ ሁሉ ታችኛው ጥጉ ላይ ጧ ብሎ ይቀደዳል። ላሜራ ቀየረ፤ ተቀደደ። ሞልዱን ሞረደ፤ ተቀደደ። ቀስ ብሎ ጫነ፤ ያም ተቀደደ። ማንን ይጠይቅ? ሲያስተምር እንጂ ሲጠይቅ ያየው የለም። «ሐዘን እጄን ቀማኝ» አለና ወርክሾፑን ሊዘጋ ወሰነ።

ልጁ ዘሀራ መካኒካል ኢንጂነር ናት። መዝጋት የሚለውን ስትሰማ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የላሜራውን ውፍረት፣ የሞልዱን ጥልቀት፣ የፕሬሱን ጉልበት አንድ በአንድ አስገባች። ስክሪኑ ላይ ላሜራው በትንንሽ ካሬዎች ተከፋፍሎ ልክ እንደ እውነቱ ሲጎደጉድ ታየ። ሰማያዊው ውጥረት ያልበዛበት ነው፤ ቀይ ከሆነ ይቀደዳል።

«ቀዩ የታለ?» አላት ሳኒ።

«የለም አባዬ። በስሌቱ መሠረት መቀደድ የለበትም።»

ሳኒ የተቀደደውን ድስት አነሳና ጣቱን በስንጥቁ አሾልኮ አሳያት። «ይሄስ ታዲያ ምንድን ነው? ኮምፒውተርሽ ዕውር ነው እንዴ?»

እሷም ግራ ገባት። እሱን ግን የባሰ ነገር ቆረጠው፤ ላሜራው ደህና፣ ሞልዱ ደህና ከሆነ የቀረው ጥፋተኛ እጁ ነው። የበሩን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

ዘሀራ ቁጥሮቹን እንደገና ከላይ ጀምራ አየች፤ አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። «አባዬ፣ ሰበቃውን፣ ላሜራውና ሞልዱ የሚፋተጉበትን ማለቴ ነው፣ ያስገባሁት ቅባት አለው ብዬ ነው። አሁን ላሜራውን በምንድን ነው የምትቀባው?»

«የምን ቅባት?»

«እማዬ የምትቀባው ነዋ! የበግ ላት፣ በጨርቅ።»

«እሷ አቧራ ነበር የምትጠርገው» አለ ሳኒ።

ሀዲያ በየማለዳው ቀድማው ገብታ ላሜራዎቹን ትወለውል ነበር። «አቧራ ምን ያደርገዋል? አርፈሽ ተቀመጪ!» እያለ ሲቆጣት ዝም ብላ ትስቃለች። ሠላሳ ዓመት ተቆጣት፣ ሠላሳ ዓመት ሳቀች።

ዘሀራ የሰበቃውን ቁጥር ወደ ደረቅ ላሜራ ቀየረችው። ታችኛው ጥግ ቀላ፤ ልክ ጣቱን ያሾለከበት ቦታ።

ደስ ይበለው ወይስ ይዘን? እጁ አልከዳውም፤ ግን ብቻውን ሠርቶም አያውቅም ነበር። አፈረ። ጨርቁ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ሲወጣ ሲገባ ያየው ነበር። አወረደው። ደርቋል፤ የላቱ ሽታ ግን አልለቀቀውም።

«ምን ያህል ነበር የምትቀባው?» ሲል ጠየቃት።

ዘሀራ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ አባቷን። «እሱን እዚህ ላይ አላገኘውም፣ አባዬ።»

ሳኒ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰና ጨርቁን እንደያዘ ላሜራው ፊት ቆመ። ሀዲያ ከየትኛው ጥግ እንደምትጀምር እንኳ አይቶ አያውቅም።